ፎጣው አሁንም ወደቀ

ሰውን ፍቅር የሚይዘው በዓይኑ በኩል ነው ይላሉ። እኔን የያዘኝ በብብቴ ነው።

የጎልፍ ሜዳ ሳር አጫጅ ነኝ። ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ ስዞር እውላለሁ እንጂ ኳስ መምቻውን ዱላ ነክቼው አላውቅም። አንድ ቀን አለቃችን ጠራኝና አዲሷ አሰልጣኝ ፊት አቆመኝ። «ይሄን አስተምሪው፤ ወሩ ሲያልቅ መጥቼ አያለሁ» ብሎን ሄደ። ለምን እኔን? አልጠየቅኩም። እሷን እያየ ማን ይጠይቃል?

ፎጣ አጥፋ ብብቴ ስር ከተተችልኝ።

«ክንድህ ከደረትህ እንዳይለይ ነው። ስትመታ ፎጣው ከወደቀ ተበላሸ።»

«ካልወደቀስ?»

«ጎበዝ ብዬህ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። እንዲህ እንዲህ እያልክ ትጨርሳለህ።»

ትጨርሳለህ! ጨርሼ ወደ ማሽኔ ልመለስ? ሆን ብዬ ጣልኩታ። ጎንበስ ብላ አንስታ መልሳ ከተተችው። እጇ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ደግሜ ጣልኩት።

«አንተ! ብብትህ ቀዳዳ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ፎጣው ነው፤ አይወደኝም መሰለኝ።»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው።

በዚሁ ቀጠልን። ዱላውን «የተኛ ህፃን እጅ እንደያዝክ ያዘው» ስትለኝ እንደ መጥረቢያ አንቀዋለሁ። «ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ» ስትለኝ ዞር ብዬ አያታለሁ። ኳሷ አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዴ ውሃ ውስጥ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ሰው ሁሉ ኳሷን ያያል፤ እሷ የምታየው የኔን እግር ነው። ምኑን ነው የምታየው? ጫማዬ ተቀዷል እንዴ?

አላስችል ቢለኝ ጠየቅኳት።

«ተረከዝህን ነዋ። ኳሷ በኋላ የምትናገረውን እሱ ቀድሞ ይነግረኛል» አለችኝ። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። «የማይችል ሰው ሁሌ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሳሳተው። አንተ ግን በየቀኑ አዲስ ስህተት ይዘህልኝ ትመጣለህ። ትችላለህ አይደል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ነገ አለቃው ይመጣል። እዚህ ቤት አሰልጣኝ የሚቀጠረው ዱላ ነክቶ የማያውቅ ሰው አስተምሮ ሲያሳይ ነው። ከሳትክ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«አዝኖልኝ የሚማር ተማሪ አልፈልግማ!»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ፎጣዬን ይዤ ቆምኩ፣ መታሁ፤ ወደቀ። የምሬን ነው! ደገምኩ፤ ወደቀ። ለካ ሰውነቴ ቀልዱን እውነት ብሎ ተምሮታል። ተያየን። አሁን ማናችንም አልሳቅንም።

«እግርህን ግጠም። ኳሷን እርሳት፤ ቀስ ብለህ ሳሩን ብቻ ጥረግ።»

ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ጠረግኩ። ወገቤ እንጨት ሆነ። ስንት የለፋሁበትን ሳር ነቃቅዬ ጨረስኩት።

በማግስቱ አለቃው እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። የመጀመሪያዋ ኳስ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሼ፣ ይቺን አይቁጠሩብኝ፤ ሰላምታ ናት» አልኩት። ሳይፈልግ ሳቀና በእጁ ቀጥል አለኝ።

እግሬን ገጠምኩ። ቀስ አልኩ። ዱላው በራሱ የሄደ ያህል ቀለለኝ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሜዳው መሃል ዘጭ አለች።

«ከነገ ጀምሮ የክለቡን አባላት ታስተምሪያለሽ» አላት። ወደኔ ዞሮ ደግሞ «አንተ ወደ ማሽንህ።»

አለቀ። የፈራሁት ደረሰ። ዱላውን መልሼላት መንገድ ስጀምር ጠራችኝ።

«ወር ሙሉ ልትለኝ የፈለግከው ነገር ነበር አይደል? ተማሪዬ እያለህ ብትለኝ አባርርህ ነበር። አሁን ተማሪዬ አይደለህም። በል።»

ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ!

«እ... ሻይ ትጠጫለሽ?»

«ይቺን ለመጠየቅ ነው ወር ሙሉ መሬት ስትቆፍር የከረምከው?»

«አዎ።»

ያን የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው። «ከስራ ስትወጣ በሩ ጋ አለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን ሳሩን እንዴት አድርጌ እንዳጨድኩት አትጠይቁኝ።