አሻጋሪው የሌለበት እትም

በቅሎ ወለደች ብዬ የቢቸናን ገበያ ያስሮጥኩ ሰው ነኝና ምን ያህል እንደምታመን አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ሆኗል።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሞጣ፣ የእትዬ ውቢት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ። ፀሐይ ቦግ ብላ እያለች!

ጨለማ ቢሆንማ በጨለማው ባሳበብኩ ነበር...

የደረሰው በደምለው ላይ ነው።

ደምለው ቢቸና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። «ገደል ማዶ» የምትባል የጠረጴዛ ጨዋታም ፈጥሯል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌላው ሽፍታ፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላው ከጉባኤ ቤት የጠፋ የቅኔ ተማሪ ይሆንና እንደዚያ ሰው ያወራል፣ እንደዚያ ሰው ያስባል። የሚከብድ ነገር ሲገጥማቸው አንድ ጎኑ በእሳት የጠቆረ ባቄላ ይጥላሉ። ነጩ ከወጣ ተሳካ። ጥቁሩ ከወጣ... አለቀልህ።

የማይሻር ሕግም አላት፤ ገበታ ላይ የተባለ ተደርጓል። ምራቅን መልሶ መዋጥ የለም።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህርና ነርስ ሁሉ ከሥራ በኋላ የሚያደርገው አጥቶ ነበርና ወደዳት።

ችግሩ ንግዱ ነው። መጽሐፏን አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ሞጣ ላይ የሚያከፋፍሉለት እትዬ ውቢት ደግሞ ዝም አይሉም።

«አንተ ልጅ! አሮጌው ሞተ፤ አዲስ እትም አምጣ!»

ያመጣል። ሕጉን ይቀይራል፣ ሽፋኑን ይቀይራል። የአሮጌው እትም ወዳጆች ይሳደባሉ፤ እየተሳደቡም ይገዛሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አዲስ እትም!»

ደምለው ደከመው። እንቅልፍ የሚያነሳው ድካም አልነበረም። ተኝቶ የሚደክም ሰው ሆነ። ፊቱ ቀለም ባለቀበት ማሽን እንደወጣ ቅጂ ገረጣ።

ሚስቱ ሰብለ ወንጌል አዋላጅ ነርስ ናት። ወደ ደብረ ኤልያስ ዝውውር ወጥቶላታል።

«ደሜ፣ ይሄኛው የመጨረሻው ነው አይደል?»

«የመጨረሻው ነው።»

«ሌላ እትም ብትጀምር ብቻዬን እሄዳለሁ። የምሬን ነው። እኔ ያገባሁት ሰው ነው እንጂ ማተሚያ አይደለም።»

«ይቺን ልጨርስና ተያይዘን እንሄዳለን።»

ለዚያች ለመጨረሻዋ እትም እትዬ ውቢት ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ያንን አሻጋሪ አውጣልኝ።»

አሻጋሪው በጨዋታው ውስጥ ዓባይ ዳር የሚቆም ዋናተኛ ነው። መንገደኛውን እያዘለ ያሻግራል። የትኛውም ተጫዋች አይሆነውም፤ በእሱ አፍ የሚናገረው ተራኪው ነው።

«ሰው ወንዝ ዳር ተራ መጠበቅ ታክቶታል» አሉ እትዬ ውቢት። «ከደጀን ታች ድልድይ አለ አይደል እንዴ? ድልድይ አድርግበት!»

ደምለው ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበረውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ አሻጋሪውን ከየገጹ አጠፋው።

ሰብለ ወንጌል በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች።

«ንፍሮውስ?» አለችው።

የቢቸና ተጫዋቾች ልማድ ነው። በጨዋታው ሰው ሲሞት፣ ያን ሰው ሆኖ ይጫወት የነበረው ንፍሮ ቀቅሎ ያመጣል። «ነፍስ ይማር» ተብሎ ይበላል፤ ይሳቃል። ንፍሮ ያልተበላለት ግን የለም።

«የእሱን ማን ያመጣል? የማንም አይደለም እኮ» አለ ደምለው።

«የማንም ያልሆነው ነው የሚያስፈራው...»

ሳቁ። በዚሁ አለፈ።

እትሟ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ውቢት ደወሉ።

«አውጣው አላልኩህም?»

«አውጥቼዋለሁ እኮ!»

«ታዲያ ለምን ይመጣል?»

«የት?»

የሱቃቸውን በር ሲዘጉ ተሰማ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«የገዛው ሁሉ ጋ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ተራኪው ያለበት ይቆማል። ሰው አለ ይላል። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በዓይኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አንተ ልጅ፣ ና።»

ቅዳሜ ሄደ። እኔም ለወሬ ብዬ ተከተልኩት።

ጓዳው ውስጥ ባምላኩ የሚባል መምህር ተራኪ ሆነልን። አሮጌውን እትም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አሻጋሪ የሚባል ነገርም አልሰማም።

ጀመርን። ገደሉን ወረድን። ድልድዩ ጋ ደረስን።

ባምላኩ ቆመ።

«...ሰው አለ።»

«የት?» አለ ደምለው።

«ከድልድዩ ሥር። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ምንም። ያይሃል።»

ባቄላውን ጣልኩ። ጥቁር። ደምለው ጣለ። ጥቁር።

አንስቼ አገላበጥኩት... በሁለቱም ጎኑ ጥቁር ሆኗል።

የባምላኩ ትንፋሽ ብዙ እንደዋኘ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። እትዬ ውቢት ሮጠው ከጎረቤት የሽምብራ ንፍሮ ይዘው መጡ። ደምለው ሳህኑን ወደ ባምላኩ ገፋ አደረገው።

«ነፍስ ይማር።»

ባምላኩ ንፍሮውን አየ። ድምፁ አልተለወጠም። የራሱ ድምፅ ነው። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

«አልሞትኩም እኮ። ለማን ነው?»



«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ደምለው ቀስ ብሎ።

«ደክሞኛል። የማሻግራቸው ሰዎች ይጠብቃሉ። ቦታዬን ለማን ልስጥ?»

«ድልድይ ሠራሁ እኮ።»

«እነሱ ድልድዩን አያውቁትም።»

ደምለው ዓይኑን ጨፈነ። ሰብለ ወንጌል ቢቸና ቤታቸው ዕቃ እያሰረች ነበር። የቢቸናው መኪና ሊሄድ ነው። እንዲያልቅለት ብቻ ፈለገ።

«እሺ» አለ። «እኔ ይዤልሃለሁ። ሂድና ዕረፍ።»

እትዬ ውቢት ክንዱን ጨበጡት።

«አንተ! ገበታ ላይ ነህ እኮ!»

ተብሏል።

ባምላኩ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ። ፊቱ ፈታ አለ። «የት ደረስን?» አለና ሽምብራውን ይዘግን ጀመር። እንደ ሞኝ ሳቅን።

ደምለው እየሳቀ ወደ ሱቁ በር ሄደ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ስልኩን አወጣ።

«ሰብሊ፣ ጨረስኩ። ሌላ እትም የለም።»

«ሙች በለኝ!»

«ሙች! መጣሁ።»

በሩን ከፈተ።

መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ ባጃጅ ይተላለፋል። በመሐል ግን የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ነበሩ። ተሰልፈዋል። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል። የሞጣ ሰው በመካከላቸው ያልፋል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም።

የሰልፉ ጫፍ አይታይም።

ፊት ያለችው አሮጊት ደምለውን አየችው።

«ልጄ፣ ቆየህብን።»

አልጮኸም፤ አልሮጠም። ያን የድካም ትንፋሹን ተነፈሰ። ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ጎንበስ አለ። አሮጊቷ እንደ ሕፃን ጀርባው ላይ ወጣች።

«ሀሎ? ደሜ?» ትላለች ሰብለ ወንጌል በስልኩ። «ዕቃውን ላውጣው?»



በደረቁ መንገድ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አሮጊቷን በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላኛው አየሩን እየቀዘፈ ሄደ። እግሩን ቀስ እያለ ነው የሚያነሳው።

መንገዱ መሐል ሲደርስ... ውኃ አንገቱ ላይ እንደደረሰበት ሰው አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ።