ግራጫው የሒሳብ መጽሐፍ

«ምረጪ!» አለች ሮንዳ፣ የቅቤውን ሳህን በክርኗ ወደ ዳር ገፋ አድርጋ፣ ከሌሎች እናቶች የተዋሰቻቸውን ሦስት የአልጀብራ መጻሕፍት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየዘረገፈች። «ዓርብ አዛለሁ። እሽጉ አንዴ ከተከፈተ ተመላሽ የለም። ስለዚህ ከሁሉም አንድ አንድ ትምህርት ቅመሽ። ዓመቱን ሙሉ አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

ቲርዛ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሷም ሆነች ታናሽ ወንድሟ ሌቪ ትምህርት ቤት ሄደው አያውቁም። እናታቸው ሮንዳ አስተማሪያቸው ናት፣ ይሄ ጠረጴዛ ደግሞ ክፍላቸው። የጥርስ ሐኪሙ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ባላት ቁጥር የምትመልሰው ይጠፋታል። በንባብ ከሆነ ትልልቆቹን ታስከነዳለች፣ በሒሳብ ከሆነ ደግሞ ወሬ ብንቀይር ይሻላል። እነሱ ቤት ልጅ የሚለካው በክፍል ሳይሆን በያዘው መጽሐፍ ነው።

«ፈተናውን እንደዚያ ድባቅ መትተሽው ምን ያስጨንቅሻል?» አለች ሮንዳ። «ለአባትሽ ስነግረው መኪናውን ዳር አቁሞ ነው የጮኸው!»

ቲርዛ ቶሎ ብላ ከመጻሕፍቱ አንዱን ገለጠች። ፈተናው ተማሪው ከየትኛው መጽሐፍ መጀመር እንዳለበት የሚለይ ነው፣ ጠባቂ የለውም። ከሜዳው ማዶ ካለችው ጓደኛዋ ከዴላኒ ጋር ደግሞ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ያልተማሩት ነገር ስለሌለ፣ እሱንም እነ ዴላኒ ጓሮ መዝለያው ትራምፖሊን ላይ ተጋድመው አብረው ሠሩት። ክፍልፋዩን ቲርዛ፣ ኤክስ ያለበትን ሁሉ ዴላኒ። ማጭበርበር መሆኑ ለአንዳቸውም አልታያቸውም ነበር። አሁን ግን ለቲርዛ ቁልጭ ብሎ ታያት።

መጀመሪያ ቪዲዮ ያለውን ሞከረች። የዳክዬ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ጊታር እየመታ ስለ እኩልታ ይዘፍናል። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቪዲዮው አልቆ እርሳሱን ስታነሳ ግን፣ ከዘፈኑ በቀር ጭንቅላቷ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር የሚመጣ ነው። ብትስትም ባትስትም በቀቀን ወጥቶ ያጨበጭብላታል። ሦስተኛው ግራጫ ነው። ሥዕል የለውም፣ ቀልድ የለውም፣ ወፍራም ነው። ከመግቢያው ላይ ግን «እርግጠኛ ያልሆነ ተማሪ ከዚህ በፊት ካለው መጽሐፍ ይጀምር» የሚል አነበበች።

ከዚያ በፊት ያለው፣ እሱም ግራጫ የሆነው መጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ነበር። እናቷ ለሌቪ የገዛችለት ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመቱ ሌቪ!

ቲርዛ ግራ ቀኝ አይታ መጽሐፉን ሹራቧ ውስጥ ሸጎጠችና ዶሮ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ትምህርት ሠራች፣ ገባት። ሁለተኛውንም ሠራች። ከቁጥር ፊት የተቀመጠች ትንሽ ሰረዝ እስከዛሬ ለምን እንዳሰቃየቻት ድንገት ተገለጠላት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቀስ ብሎ ያሳያት አልነበረም። ከደስታዋ ብዛት ቀና ብላ የምትነግረው ሰው ፈለገች። ያሉት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ፣ ለእነሱ ነገረቻቸው።

ቀጥሎ ዴላኒ ጋ ደወለች።

«እኛ ያዋስናችሁን ዳክዬውን መረጥሽ አይደል?» አለች ዴላኒ ገና ስታነሳው። «በፒጃማ ሆነን እኛ ሳሎን እናያለን! ፖፕኮርኑ በእኔ!»

«ዴላ፣ ስሚኝማ። ፈተናውን ብቻዬን ልደግመው ነው። ለእማ ልነግራት ነው።»

«አብደሻል እንዴ? አንቺና እኔ እኮ ተደምረን አንድ ጂኒየስ ነን!»

«ተደምረን ነዋ። አንቺ ስትሄጂ እኔ ምንድን ነኝ? ኤክስ ሳይ ራሴን ያመኛል።»

«እናትሽ ካወቀች እናቴ እራት ሳይቀርብ ትሰማለች። እኔስ? ክፍልፋይ እንደማልችል እያወቅሽ?»

«የራሴን ብቻ ነው የምነግራት። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም።»

«በጣም ፋራ ነሽ፣ እሺ?» አለችና ዘጋችው።

ቲርዛ ስልኩን እያየች ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ፣ መጽሐፉን መልሳ ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤት ገባች።

ሮንዳ ድንች እየላጠች ሰማቻት። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች።

«አባትሽ በከንቱ ጮኸ በይኛ» አለች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር። «አዝኛለሁ፣ አልደብቅሽም። ግን እኔም ብሆን ብቻሽን መሥራትሽን አልጠየቅኩም። ነይ፣ ያው ወረቀት። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ቲርዛ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሠራች። ክፍልፋዩን በረረችበት። ኤክሶቹ ጋ ስትደርስ የማትችለውን «አላውቀውም» እያለች ጻፈች። ስትጨርስ «አላውቀውም» የሚለው ገጹን ሞልቶታል። የሚገርመው፣ ቅልል አላት።

ስልኳ ጮኸ፣ ዴላኒ ናት። «ተናድጄብሻለሁ። ዓርብ ዳክዬውን ለመሳቂያ እናየዋለን። ክፍልፋይ ግን ታስረጂኛለሽ፣ ግዴታሽ ነው!» ይላል መልእክቱ።

«ታዲያ የቱን ልዘዝ?» አለች ሮንዳ ወረቀቱን አይታ ስትጨርስ።

ቲርዛ ሹራቧ ውስጥ የነበረውን ግራጫ መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምንም አትዘዢ። አለን።»

ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ የተቀመጠው ሌቪ በአፉ የያዘውን ብስኩት ሳይውጥ ብድግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ! ያ የእኔ አይደል? እኔና አንቺ አንድ መጽሐፍ ልንሆን ነው? እማ! ለሁሉም ሰው ልናገር?»

«ለፈለግከው ተናገር» አለች ቲርዛ፣ ጆሮዎቿ ቀልተው። ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ አደረገችና መጽሐፉን መሃላቸው ከፈተችው። «አሁን ጠጋ በል፣ ገጹን ሸፈንከኝ።»