ቀይ እስክሪብቶ ወንዝ ተከትላ ስትወጣ

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወንዙ ውስጥ የተተከለው ዘንግ በዚያ ሰኞ ጠዋት አስራ አንድ ቁጥር ላይ ነበር። ዘንጉን መምህሯና ተማሪዎቿ ነጭና ጥቁር ቀብተው ከተከሉት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ተረኛ ተማሪ በየጠዋቱ የውሃውን ልክ አንብቦ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከወር በፊት ውሃው አርባ ላይ ነበር። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስልሳ ላይ ዘለለና ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽቆልቆል እንጂ መነሳት የለም። ዝናቡ እንደወትሮው ይዘንባል፤ ውሃው የት እንደሚገባ የሚያውቅ ጠፋ። ዘንጉ ዜሮ ከነካ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ይደርቃል፣ ቧንቧው ከደረቀ ደግሞ ስድስት መቶ ልጅ ወደየቤቱ ይበተናል።

መምህሯ የአካባቢ ሳይንስ ነው የምታስተምረው። ልጆቹ ከኋላዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ስለ ወንዝ ስታወራ አፏ ማር ነው። ከተራራው ጫፍ የወረደች ጠብታ እንዴት ተንከባልላ ከሌሎቹ ጋር አንድ ወንዝ እንደምትገባ፣ ያ ሁሉ አገር ተፋሰስ እንደሚባል በጣቷ አየር ላይ እየሳለች ስትነግራቸው የኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት እንኳ ይነቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል፦ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የወንዙን መነሻ አንድ ቀን ሄዳ አላየችውም። መጽሐፉ «ከትልቁ ቋጥኝ ስር ካለው ምንጭ ይነሳል» ይላል፤ እሷም መጽሐፉን አምና ኖረች።

ከሁለት ወር በፊት በነበረው ፈተና፣ ወንዛችን ከየት ይነሳል ለሚለው ጥያቄ አንዲት ልጅ ብቻ «ከቤታችን ጓሮ ካለው ረግረግ» ብላ መለሰች። ልጅቷ የላይኛው አገር ልጅ ናት፤ ለትምህርቷ ስትል አክስቷ ዘንድ ትቀመጣለች፣ እረፍት ሲሆን ወደ ወላጆቿ ትወጣለች። መምህሯ አብዝታ የምትወዳት ተማሪ ናት። ሳቀችና ኤክስ አደረገችባት፣ ከጎኑም «መጽሐፉን ተመልከቺ» ብላ ጻፈች። ከአስር ዘጠኝ። ወረቀቱ ወላጅ እንዲፈርምበት ወደ ላይ ተላከ፣ ነገሩም መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ተሳቀበት።

አሁን እረፍት ሆኗል፣ የሚስቅም የለም። መምህሯ ምንጩ ምን እንደነካው ሄጄ አያለሁ ብላ ተነሳች። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ብንጽፍ አይሻልም ወይ ቢላት፣ ወንዝ ደብዳቤ አያነብም አለችው። አብሯት ለመሄድ የደፈሩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን ወንዙ በሚወርድበት ገደል እንጨት ያወርዱ ነበር። ሲራመዱ፣ በር ሲከፍቱ፣ ሲናደዱም «ቀስ» ስለሚሉ ስማቸው ጋሼ ቀስ ሆኖ ቀርቷል። ዳቦ፣ ገመድና ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ያዙ፤ እሷ ዣንጥላዋን ጨመረች። ጋሼ ቀስ ዣንጥላውን አይተው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

ገደሉ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ከመሳሳቱ የተነሳ ድንጋዩ ላይ እየረገጡ መሄድ ይቻል ነበር። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ጥቁር አለት ነው፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቧል። ከሰዓት በኋላ ራቅ ብሎ ነጎደ። እነሱ ዘንድ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጋሼ ቀስ ግን ቆሙና ጆሯቸውን አቀኑ።

«መምህር፣ ይውጡ።»

«ዝናቡ እኮ ሩቅ ነው፣ ጋሼ። ቦርሳዬን ላንሳና...»

«ቦርሳሽ ገደል ይግባ! አንቺ ውጪ!»

በሕይወታቸው ያልተጣደፉ ሰው ክንዷን ይዘው ወደ አለቱ ወረወሯት ማለት ይቻላል። አንድ የዛፍ ሥር ጨበጠች፣ ተንጠላጠለች፣ በጉልበቷ ቧጥጣ ወጣች፤ ገመዱን ጥላላቸው ጎተተቻቸው። እግራቸው ከድንጋዩ ሲነሳ ውሃው ደረሰ። ቡናማ ነበር፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል፣ አለቱን ሲመታ ደረቷ ውስጥ ይሰማታል። ሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ተጣብቀው ቆዩ። ከዚያ እንደመጣው ሄደ፤ ድንጋዮቹ ብቻ ረጥበው ቀሩ።

ጋሼ ቀስ ይህ ወንዝ በእሳቸው ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ጠባይ እንዳልነበረው ነገሯት። ድሮ ከላይ ሲዘንብ በሦስተኛው ቀን ነበር ቀስ ብሎ የሚሞላው፣ ሲጎድልም ቀስ ብሎ ነበር። አሁን መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር የጠፋ ይመስላል። ከዚያ ትዝ አላቸውና በ«አንቺ» ስለጠሯት ይቅርታ ጠየቁ። እሷ ደግሞ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ያላት ሰው በመጨረሻ ዘመድ ሲሆን ደስ አላት፤ በዚያው ይቀጥሉ ብላ ለመነቻቸው።

በማግስቱ ከገደሉ ወጥተው ጠባብ የተራራ መንገድ ያዙ። አንድ መታጠፊያ ላይ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሞልቶ ጠበቃቸው። አንዱ እየሮጠ መጥቶ የዳቦውን ከረጢት ከጋሼ ቀስ ትከሻ መንትፎ ሄደ። ያ አልበቃ ብሎ ትልቁ ወንድ ጋማውን ነስንሶ፣ ጥርሱን አሳይቶ ወደ መምህሯ ተጠጋ። ከኋላዋ ገደል ነው። ሌላ የያዘችው ስላልነበረ ዣንጥላውን ፊቱ ላይ ቷ አድርጋ ከፈተችው። ዝንጀሮው እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቶ አያውቅም፤ ጮሆ ወደ ላይ ሸሸ፣ መንጋውም ተከተለው።

«ዣንጥላው ላይ ፊቴን ያኮሳተርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉ ጋሼ ቀስ።

በባዶ ሆዳቸው ተጉዘው ወደ ማታ ትልቁ ቋጥኝ ስር ደረሱ። ምንጩ አለ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ ጣት የምታህል ምንጭ። መምህሯ ጀሪካኑን ደቀነችና ልጆቹን እንዳስተማረችው መቁጠር ጀመረች። መቶ አርባ ስትደርስ ሞላ። ታች ወንዙ ዳር ልጆቹ ሲለኩ «ሁለት» ሳይባል ነበር የሚሞላው። ደግማ ለካች፣ ያው ነው። ይህ ውሃ አንድ ሰፈር ቢያጠጣ ነው።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ ሲደርስ ደክሞት ተመልሶ ይሆናል» አሉ ጋሼ ቀስ።

እሷ አልሳቀችም። የወንዙ መሄጃ ቋጥኙን አልፎ ወደ ላይ ይቀጥላል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ትኩስ ጭቃ ተለጥፏል። «ከቤታችን ጓሮ» የሚለው የልጅ እጅ ጽሑፍ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጫፉ ላይ ወጡ። ከፊታቸው ሰፊ ረግረግ ተዘርግቷል፤ ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ግማሹ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መሃሉን ሰው የሚውጥ ቦይ ቀዶታል፣ ስድስት ሰዎች ቦዩ ውስጥ ገብተው በዶማ ይቆፍራሉ። ከቀሪው ውሃ የሚለያቸው ክንድ የማይሞላ የሸክላ አፈር ነው። ያ ከተናደ ረግረጉ አበቃለት። መምህሯ እየሮጠች ወርዳ እንዲያቆሙ ለመነች። አንድ ግዙፍ ሰው ከቦዩ ወጥቶ አካፋውን አጋድሞ መንገዷን ዘጋ።

«ሂጂ፣ እመቤት። ይህን ሥራ ካንቺ የበለጠ የተማረ ሰው ፈቅዶልናል» አለና ወንድሙን ተጣራ።

ወንድሙ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። የታች ሰዎችን የምንጎዳ አይደለንም አላት፤ የማርሰው መሬት እያጠረኝ፣ ልጆቼ እየራባቸው፣ ረግረጉ የወንዙ ቢሆንስ ብዬ ስንት ዓመት ሳላደርቀው እጄን ሰበሰብኩ። የልጄ አስተማሪ የወንዙ አይደለም ብላ በቀይ ስትጽፍልን ነው ልቤ ያረፈው።

መምህሯ ወረቀቱን ተቀበለች። ኤክሱ የእሷ ነበር። «መጽሐፉን ተመልከቺ» የሚለውም የእሷ እጅ ነው። ቀና ስትል ልጅቷ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ታያታለች፤ ፈርታለች፣ ግን ከፊቷ ላይ መምህሯን በማየቷ ያገኘችው ደስታ አልጠፋም። መምህሯ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ አባትየው ዞረች።

«ያቺ አስተማሪ እኔ ነኝ» አለች። «ልጅህ ልክ ናት። ያላየሁትን ነው ያረምኩባት። ረግረጉ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ነበር የሚለቅልን። ቦዩን ስትከፍቱ መጀመሪያ ሞላልን፣ አሁን ሊደርቅብን ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የእኔ ነው።»

ግዙፉ ሰው አካፋውን አላነሳም። «ትናንት ኤክስ፣ ዛሬ ራይት። ነገስ?»

«ነገም ልሳሳት እችላለሁ። ዛሬ ግን በእግሬ መጥቼ አይቻለሁ።»

አባትየው ልጆቼ ታዲያ ምን ይብሉ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጡት ጋሼ ቀስ ናቸው፦ ከረግረጉ በላይ ያለውን ተዳፋት አሳዩ፤ እርከን ቢሠራለት ጥሩ እርሻ ይወጣዋል፣ ግን የስድስት ሰው ሥራ አይደለም አሉ። መምህሯ ውሃውን የምንጠጣ ሁላችን ዶማ ይዘን እንመጣለን ብላ ቃል ገባች። ግዙፉ ሰው ቃሏ እንደ ኤክሷ እንዳይሆን መያዣ ጠየቀ። ኪሷን ብትዳብስ ያላት ነገር አንድ ነው። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥታ፣ ኤክሱን ሰርዛ፣ ዘጠኙን አስር አድርጋ፣ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ለልጅቷ ሰጠቻት።

እስኪመሽ ድረስ ቦዩን አብረው ደፈኑ፤ መምህሯ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ገብታ አፈር ረገጠች። ሲጨርሱ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ለእርስዎስ ስንት ይሰጥ?»

«ዜሮ፣ የኔ እናት።»

«ቀስ» አሉ ጋሼ ቀስ። «ግማሹን አግኝታለች። መጥታለች እኮ።»

ልጅቷ ጉዳዩን አሰበችበት። የመምህሯን እጅ ይዛ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገችና መዳፏ ላይ በቀይ «5» ጻፈች፤ ከጎኑም በጥንቃቄ «ተመልሰው ይምጡ» ብላ ጨመረች።

በሃያኛው ቀን መምህሯ በጋራው መንገድ ተመልሳ ወጣች። ከኋላዋ ወላጅ፣ መምህር፣ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር አርባ ሦስት ሰው ዶማ ተሸክሞ ይከተላታል፤ ከታች በተነሱበት ጠዋት ዘንጉ ሃያ ሁለት ላይ ነበር። ጋሼ ቀስ ዣንጥላ ይዘዋል። ልጅቷ ከሩቅ አይታቸው እየሮጠች ወረደች፣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ነቀለች። መምህሯ ምንም ሳትባል መዳፏን ዘረጋችላት።