ድፍኑ ወደ ፊት

ዳቦ አመላላሹ የሞተው ቁልቁለቱ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር፤ ዳቦውን ግን ማንም ልብ ስላላለው መንገዱን ሞልቶ ተበትኗል። ትራፊክ ፖሊሱ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። የሞተር ብስክሌቱ ካቴና ተፈታ፣ ከኋላ ጎማው ጋር ተጠላለፈ፣ ጎማው ቀጥ አለ፣ ሰውየው ተወረወረ። አደጋ ነው፣ በቃ። ሞተሩን አንስተው ሊጭኑት ሲሉ እሷ እጇን አነሳች።

«ትንሽ ቆዩ» አለች።

ይህች ቃል ቅጽል ስሟ ሆናለች። ሰው ሁሉ ሊሄድ ብድግ ሲል ጣል ስለምታደርጋት ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ትንሽ ቆዩ መጣች» ይባባላሉ። እሷም ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ሞተሩ ያረጀ ነው፤ ከአባት ለልጅ የተላለፈ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ከኋላው ትልቅ የዳቦ ሳጥን የታሰረበት። ካቴናው ግን አዲስ ነው፤ ደግሞም አልተበጠሰም። የተለያየው ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው። መጋጠሚያውን ቆልፎ የሚይዘው ክሊፕ የለም። መርማሪዋ አቀርቅራ ቁልቁለቱን ወደ ላይ እየተራመደች አስፋልቱ ዳር አገኘችው፤ ጥፍር የምታህል ብረት ናት፣ አንዱ ጎኗ ድፍን፣ ሌላው ክፍት። የክፍቱ ጫፎች ተቆልምመዋል፤ ድፍኑ ጭረት እንኳ የለውም። ተመልሳ ካቴናውን ስታገላብጥ ደግሞ ከመጋጠሚያው አጠገብ የተሰነቀረ ሰማያዊ ክር አየች። ክሩ በዘይት ርሷል፣ ቋጠሮም አለው።

የሟች ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ገዳዩን ይዞ ነው የመጣው፤ በአፉ ማለቴ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወንድሙን አግኝቶት ነበር። «ካቴናውን ኩርፊያ ገጠመልኝ» ብሎ በገዛ አፉ ነግሮታል። ኩርፊያ ሰፈሩ መካኒኩን የሚጠራበት ስም ነው። ይኸው መካኒክ ከዚያ በፊት በሰው ፊት «ይሄ ሞተር ይገድልሃል!» ብሎ ሟቹ ላይ ጮኾበታል፤ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። የሟች ቃል ካለ፣ ዛቻ ካለ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? እኩለ ቀን ሳይሞላ መካኒኩ ታሰረ፣ ጋራዡም ተዘጋ።

ኩርፊያ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ደንበኛ ከተከራከረው ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ማጠብ ይጀምራል። አሁን ደግሞ ያኮረፈው ሕግን ነው። የጠየቁትን ሁሉ ግድግዳ እያየ አሳለፋቸው፤ ሚስቱ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች እንኳ አልዞረም። ዝም ማለቱ ወህኒ እንደሚያወርደው አልገባውም፣ ወይም ገብቶት በዚያም አኩርፏል።

መርማሪዋ ስለ ሞት አልጠየቀችውም። «የአሮጌ ሞተር ካቴና እንዴት ነው የሚመረጠው?» አለችው።

ሰው በሙያው ሲጠየቅ ማኩረፍ ይከብደዋል። ኩርፊያ ቀስ ብሎ ዞረ። አሮጌው ላይ የተቀረጸው ቁጥር እንደሚነበብ፣ ስፋቱ ካልገጠመ ካቴናው በሚጠመጠምበት ጥርስ ላይ እንደማይቀመጥ፣ ርዝመቱን ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ ሳይሆን የአሮጌውን ዘለላ ቆጥሮ መቁረጥ እንደሚሻል ነገራት። ያረጀ ሞተር ላይ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅማ።

«ችግሩ ሌላ ነው» አለ። «ካቴናው፣ የፊቱ ጥርስና የኋላው ጥርስ አብረው ነው የሚያረጁት፣ አብረው ነው የሚቀየሩት። የሱ ጥርሶች እንደ መንጠቆ ሾለዋል። ካቴናውን ልክ አድርጌ ቆርጬ ሰጠሁት፤ በዚያ ጥርስ ላይ ግን አልገጥምም አልኩት። ይገድልሃል ያልኩትም ለዚህ ነው። ተናዶ ይዞት ሄደ።»

«እና አልገጠምክለትም? ለምን እስካሁን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ለምን ገደልከው ነው የሚለኝ።»

«አንተ ብትገጥመው የት ላይ ታጋጥመዋለህ?»

«የኋላው ጥርስ ላይ። ጥርሱ ሁለቱን ጫፍ ይይዝልኛል፤ ሦስተኛ እጅ ማለት ነው።»

«ክሊፑስ?»

«ድፍኑ ጎን ካቴናው ወደሚሄድበት። ክፍቱ ከቀደመ የነካው ሁሉ እየገፋ ያወልቀዋል።»

የሟች ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ ሰማያዊ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። በዚህ ቀን መስፋቷን ጎረቤት ያማታል፤ እጇ ከቆመ እሷም እንደምትወድቅ ግን ማን ያውቅላታል። ከግድግዳው ጥግ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አማቷ ናቸው፣ የሞተሩም የመጀመሪያ ባለቤት። መርማሪዋ የመጣችው ሟቹ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን አተኩሶት ተኝቶ እንደዋለ ከጎረቤት ሰምታ ነበር።

ካቴናውን ማን ገጠመው ብላ ጠየቀች። «ኩርፊያ» አለች ሚስት ቀና ሳትል።

መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎም ያን ሞተር ብዙ ነድተውታል አሉ።»

የሽማግሌው ፊት ሳያስቡት በራ። «እኔ ስነዳው አንድም ቀን ካቴና ተፈትቶብኝ አያውቅም። ድፍኑ ወደ ፊት! እሱን ካወቅሽ ሌላው ቀላል ነው።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ከመኪናው አጠገብ የቀጭን ዘይት ጠርሙስ ነበር፣ ከሥሩም የሰማያዊ ክር ቁርጥራጭ። ክሩንም ዘይቱንም አልደበቁም፤ እንደሚናገሩባቸው አላወቁም። መርማሪዋ በሥራዋ ዘመን ሁሉ ልክ ለመሆን ስትለፋ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን መሳሳትን ተመኘች።

በማግስቱ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሞተሩ በእግሩ ቆሟል። ሽማግሌው ወንበር ተሰጣቸው፤ ምራታቸው ከጎናቸው ቆመች። ሹፌሩ ኩርፊያን በዓይኑ ሊውጠው ምንም አልቀረው። መርማሪዋ መካኒኩን ሳጥኑን ሳይነካ ካቴናውን እንዲያጋጥም አዘዘችው።

ጥቂት ታግሎ አጉረመረመ። «ሳጥኑ የኋላውን ጥርስ ከልሎታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነው የማነሳው።»

«የሳጥኑ ብሎኖች ግን ዝገታቸው አልተነካም። ስለዚህ የገጠመው ሰው ሳጥኑን አላነሳም። ታዲያ የት ላይ ሊያጋጥመው ይችላል?»

ኩርፊያ ተንበርክኮ ከታች በኩል፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሞከረ። «እዚህ ነዋ። ግን የሚይዝልኝ ጥርስ የለም። ጫፎቹ እየተለያዩ አስቸገሩኝ። ካላሰርኳቸው አይሆንም።»

መርማሪዋ ሽቦ ሰጠችውና በእጇ ያለውን ሰማያዊ ክር ለሁሉም አሳየች። «የገጠመው ሰው ያሰረው በዚህ ነው። ሲጨርስ ቆረጠው፤ ይቺ ተሰንቅራ ቀረች። የራሰችው በጋራዥ ግራሶ አይደለም፣ በስፌት መኪና ዘይት ነው። ኩርፊያ አልገጠመም።»

ሹፌሩ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። እሷ አልካደችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «አተኩሶት ተኝቶ ነበር። የማግስቱ ዳቦ ይቀርበታል ብዬ ነው። አባባ እየነገሩኝ ገጠምኩት። ጠዋት ተሽሎት ተነሳና ማን ሠራው ሲለኝ ኩርፊያ ራርቶ መጥቶ ገጠመው አልኩት፤ እኔ መሆኔን ካወቀ ፈትቶ ሲያይ ይረፍድበታል ብዬ። ማታ ሲመለስ ልነግረውና ልንስቅ ነበር። እኛ በትክክል ነው የገጠምነው። ኩርፊያ መጥፎ ካቴና ሸጦለት ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ድፍኑን ወደ ፊት አድርጊ አልኳት» አሉ ሽማግሌው። «አደረገች። ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ።»

«አድርጋለች አባባ። ወደ ሞተሩ ፊት።» መርማሪዋ የሽማግሌውን እጅ ይዛ አስነሳቻቸውና ጣታቸውን ከላይኛው ካቴና ላይ አኖረች። ኩርፊያ ጎማውን ሞተሩ ሲሄድ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጁ አዞረው። ካቴናው ጣታቸውን እየነካ ወደ ፊት ሄደ።

«ወደ ፊት» አሉ።

ከዚያ ዝቅ አድርጋ ከታችኛው ላይ አኖረችላቸው። ኩርፊያ በዚያው አቅጣጫ አዞረው። አሁን ካቴናው ከጣታቸው ሥር ወደ ኋላ ሸሸ። ሽማግሌው እጃቸውን አላነሱም። እንደገና እንዲዞር ጠየቁ፤ እንደገና ዞረ፤ እንደገና ወደ ኋላ ሄደ።

«እርስዎ ሁልጊዜ ከላይ፣ ጥርሱ ላይ ነበር የሚገጥሙት» አለች መርማሪዋ። «በእርስዎ ጊዜ ሳጥኑ አልነበረም። ከላይ የሞተሩ ፊትና የካቴናው ፊት አንድ ነው። ከታች ግን ተቃራኒ ነው። ክፍቱ ጎን ቀደመ፣ እየተጋጨ ተቆለመመ፣ ቁልቁለቱ ላይ ወለቀ። የክሊፑ ጫፍ የሚናገረው ይህንን ነው።»

«የቱ ፊት እንደሆነ አልነገርኳትም» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ዓይን ቢኖረኝ አይ ነበር።»

«እጁ የኔ ነው አባባ» አለች ምራታቸው። «እርስዎ ያሉኝ ልክ ነው።»

ሹፌሩ የሚጮኽበት ሰው አጣ። ኩርፊያም ነፃ መሆኑ ተነግሮታል፤ ሚስቱ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ግን ጎማውን ይዞ እንደተንበረከከ ነው። «ባላኮርፍ እኮ እኔው ገጥሜለት ነበር» አለ።

መርማሪዋ የምትጽፈውን ታውቃለች፤ ሆን ብሎ የገደለ የለም ትላለች። ሕግ ግን ለሴትዮዋ እጅ ምን ስም እንደሚያወጣለት መወሰን በእሷ ሥልጣን ሥር አይደለም፤ ብትፈልግም ልትከላከልላት አትችልም። እውነቱን አውጥታ አንዱን ከእስር አስፈታች፣ ሁለቱን ደግሞ መፍቻ በሌለው ነገር አሰረች። የምትጨምረው ጥያቄ ቢኖራት ደስ ባላት ነበር።

«ጨርሰናል» አለች በመጨረሻ። «መሄድ ትችላላችሁ።»

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።