ትንፋሽ የተሰመረበት ወረቀት

ሬሳው በጠዋት በቲያትር ቤቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተገኘ፤ ግማሽ ጺም ለጥፎ፣ ግንባሩን መስተዋቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥሎ። ሻዩ ውስጥ ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተጨምሮበታል። ከክርኑ ሥር በራሱ እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። በአገሩ መድረክ ንጉሥ ሆኖ የኖረው ተዋናይ ከተሰደደ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማኝ፣ ሌባና አስከሬን ሆኖ ነው የተጫወተው። ዋና ገጸ ባሕርይ የተሰጠው ገና በዚህ ወር ነው።

«ከሰዓት ትርኢት አለን። ቶሎ ታነሡልናላችሁ?» አለ አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ።

መርማሪዋን ቀፈፋት።

ወረቀቱን ያነበበላት የሟቹ አብሮ አደግ ነው፤ በዚህ ተውኔትም ሟቹ ቢቀር ቦታውን የሚተካው እሱ ነበር። ከሚስትየው በቀር የአገራቸውን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

«‹ደክሞኛል። ከእንግዲህ መኖር አልሻም። ይቅር በሉኝ› ይላል» ብሎ ስቅስቅ አለ።

«እነዚህ ቀያይ ጭረቶችስ?»

«እኔ እንጃ። እስክሪብቶ ሲሞክር ይሆናል።»

ሚስትየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ለማየት ድፍረት አላገኘችም።

«ትናንት ተጣልተን ነው የወጣው። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ቆይ፣ እሱን እንደርስበታለን። ባለቤትዎ ቃለ ተውኔት የሚያጠኑት እንዴት ነበር?»

«ደብተር ላይ እየገለበጠ ነዋ። ትንፋሽ የሚወስድበትን ደግሞ በቀይ ይጭርበታል። ድሮ እሱንም አብሮ አደጉንም ያስተማሯቸው እንደዚያ ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። አብሮ አደጉን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቀችው። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«እኔ ፊደላችሁን አልቆጠርኩም» አለች። «ስለዚህ ያየሁት ጭረቱን ብቻ ነው። ሊሞት የቆረጠ ሰው የት እንደሚተነፍስ ምልክት አያደርግም። ይህ የድሮ የአገራችሁ ተውኔት የተገለበጠበት፣ ከደብተሩ የተቀደደ ገጽ ነው። አዘጋጁ ቋንቋውን አያነብም፣ መርጦ ሊቀድደው አይችልም። ሚስቱ ቀድዳው ቢሆን የጭረቱን ምስጢር ባልነገረችኝ። እርስዎ ግን ዓይንዎ ስለለመደው ጭረቱን ልብ አላሉትም፤ ስጠይቅዎ ደግሞ ዋሹ። አሁን ሲያነቡ በእያንዳንዱ ጭረት ላይ ተነፈሱ፤ አንዱንም አልሳቱም። ደብተሩንም ቦርሳዎ ውስጥ አግኝተነዋል።»

የአብሮ አደጉ ያ ሁሉ እንባ ወዲያው ደረቀ።

«በምን ይበልጠኛል?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እኔም እኮ ሃያ ዓመት አስከሬን ነበርኩ!»

«ታዲያ ከሰዓት ማን ሊጫወት ነው?» አለ አዘጋጁ።

ሚስትየው መርማሪዋን ክንዷን ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ዱብ ዱብ እያለ፣ «አኩርፎኝ ነው እንጂ ጠልቶኝ አልሞተማ!» አለች።