የባለ ሦስት እግሩ ወንበር ፎቶ

ሟቹ የተገኘው ሰርቨር የሚባሉት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ካሉበት ክፍል በር ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ነበር። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ የብረቱ በር ቀለምም ተፍቋል። ክፍሉ እሳት ሲነሣ አየሩን አፍኖ የሚያጠፋ ጋዝ የተገጠመለት ነው። እሳት ግን አልተነሣም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩ በራሱ ተቆለፈ፤ ጋዙም ተለቀቀ።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እጇ የገባ ነገር ሳይነፋ አያልፍምና። ሟቹ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሆኖ ፎቶና ሰነድ የሚያነብ ሶፍትዌር የሠራ ሰው ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ አጠቃቀሙም በነጻ ስለሆነ ሆስፒታሉም፣ አየር ማረፊያውም ይገለገልበታል። የዚህ ሕንጻ በሮችና የእሳት መከላከያው እንኳ የሚታዘዙት ይኸው ሶፍትዌር በተጫነበት ኮምፒዩተር ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሽማግሌውን ዘበኛ ነበር።

«አባባ፣ በሩን ለምን አልሰበሩትም?»

«በምኔ ልስበረው ልጄ? በትከሻዬ ገጨሁት፤ እኔ ተሰበርኩ እንጂ እሱ ምን ሆነ! ማሽኑ ነው የበላው። ማሽን ሲያብድ ማን ያስረዋል?»

«ከመግባቱ በፊት ምን ይል ነበር?»

«ስልክ እያወራ ነበር። ‹እሺ ወንድሜ፣ ቁጥር አራት ማሽንን አሁኑኑ ገብቼ አየዋለሁ› አለና ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማሁ።»

የሟቹ እህት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ከወንድምሽ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በአባታችን ቤት ነው። እሱ ይከራይ ይላል፣ እኔ እኖርበታለሁ እላለሁ። ለጣሪያና ለግድግዳ ተብሎ ወንድም ይገደላል? ዛሬ እኮ ምሳ ላይ ተገናኝተን ታርቀናል። እሱ እንኳ አልበላም። ‹በእኛ ስህተት ሰው ሞቷል› አለኝ። የአንድ ክሊኒክ ኮምፒዩተሮች ተጠልፈው ተዘጉና መድኃኒታቸው የዘገየባቸው ሁለት ሕሙማን ሞቱ። ቀዳዳው የእነሱ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ‹መጠገኛውን ጨርሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ስህተቱ የማን እንደሆነ ጭምር ጽፌ አወጣዋለሁ› አለ።»

«የማን ነው አለሽ?»

«አልነገረኝም። ‹የሰው ስም ነው፤ ነገ ይወጣል› አለኝ።»

ባልንጀራው በስልክ ተጠርቶ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ እየሳለ።

«ታምሜ ከቤት አልወጣሁም፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። የደወልኩለትም እንደማልመጣ ልነግረው ነው።»

«ሌላ ነገር አላወራችሁም?»

«ኧረ ምንም!»

«ሶፍትዌሩ ላይ ስላለው ቀዳዳስ?»

«ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

ወንፊት መሐረብ ሰጠችውና ወደ በሩ ኮምፒዩተር ሄደች። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት መጨረሻ የተከፈተው ፋይል ለእንግዳ መግቢያ ባጅ የተላከ ፎቶ ነበር። ስትከፍተው የሰው ፊት የለበትም፤ አንድ እግሩ የወለቀ ወንበር ነው። ከዚያ የሟቹን ጠረጴዛ ፈተሸች። ከሁለት ቀን በፊት የደረሰ ደብዳቤ አገኘች፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ነግሬያችሁ ነበር።» የጻፈችው አንዲት የኮምፒዩተር መምህርት ናት። ወንፊት ደወለችላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የፎቶ ፋይል ግንባሩ ላይ መጠኑን ይጽፋል» አለች። «ሶፍትዌሩ ያንን አምኖ ሜሞሪው ላይ ቦታ ያዘጋጅለታል። ፋይሉ ዋሽቶ ቢሆንስ? ‹ብቻዬን ነኝ› ብሎ አሥር ሰው አስከትሎ እንደሚመጣ እንግዳ ነው፤ ትርፉ ጎረቤት ቤት ይገባል። እዚህ ጎረቤቱ በሩንና ጋዙን የሚያዘው የሜሞሪው ክፍል ነው። ፋይሉን ለክቶ ትርፉን የሚመልስ አንድ መስመር ኮድ ጎድሏል።»

«በእኔ በር ግን ማንም አልገባም» አሉ ዘበኛው።

«አልገባም፣ አባባ። የእንግዳ ፎቶ ከየትም ሆኖ በኢንተርኔት ይላካል። ስለዚህ ‹ቤቴ ነበርኩ› ማለት ማንንም አያድንም። ገዳዩ ግን ሟቹ መቼ እንደሚገባ ማወቅ ነበረበት። ቁጥር አራት ማሽን ዛሬ ለአፍታ እንኳ አልተበላሸም። ታዲያ ገብተህ እየው ያለው ማን ነው?»

ባልንጀራው ሳለ። «ምናልባት... የተበላሸ መስሎኝ ይሆናል። ሰው ተሳሳተ ተብሎ ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ሌላ ነገር አላወራንም ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የመምህርቷ ድምፅ ተሰማ፦ «ወንበሩ የቤቴ ነው፤ ፎቶውን ያነሣሁትም ራሴ ነኝ። ቀዳዳውን ለማሳየት ያዘጋጀሁትን ያንን ፋይል ለሌላ ለማንም አላሳየሁም፤ ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ ብቻ ላክሁላቸው። ‹ተራ ነገር ነው፣ አያስጨንቁን› የሚል መልስ መጣልኝ። የፈረመው የሟቹ ባልንጀራ ነው።»

«እሱ ደግሞ የበሩንና የጋዙን ትዕዛዝ ጨመረበት» አለች ወንፊት።

ሰውየው ሻርፑን ፈታ። ሳሉ ጠፍቶ ነበር።

«ያቺን መስመር የዘለልኳት እኔ ነኝ። መምህርቷ ስትጽፍልኝ አፈርኩና ደብዳቤውን አጠፋሁት። ክሊኒኩ ያ ሁሉ ከደረሰበት በኋላማ በምን አፌ ልናገር? ትናንት ‹ስምህን እጽፋለሁ› አለኝ።»

በር ላይ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ካቴና አጠለቀለት። ወንፊት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«መጠገኛው የት ነው?»

«እሱ ኮምፒዩተር ላይ። ለማውጣት ፈቃድ ያለን ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

በዚያች ሰዓት የስንቱ ክሊኒክ ቀዳዳ እንደተከፈተ ነበር። የሟቹ እህት ወንድሟ ይሠራበት ወደነበረው ጠረጴዛ በአገጯ አመለከተችው።

ከነካቴናው ተቀመጠ። መምህርቷ በስልክ እያንዳንዷን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ አስነበበችው። «ያዘጋጀው» የሚለው ቦታ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። እህቱ የወንድሟን ስም ፊደል በፊደል ነገረችው።

«ስህተቱ የማን እንደሆነም ጻፍ» አለችው።

የራሱን ስም ጻፈና መጠገኛውን ላከው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያስነሣው እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።