ከሰዓት የሚመጣው

ይማም ሱቁን የሚከፍተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በክረምት የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን ሱቁ ያለበት የፎቁ ሥር ኮሪደር እንደ ጓዳ ይጨልማል። እሱ ግን መብራቱን ከማብራቱ በፊት ጥቂት ቆም ብሎ የሱቁን ሽታ መሳብ ይወዳል፤ የቀለጠ ቆርቆሮ፣ የአልኮልና ገና ካርቶን ውስጥ ያለ አዲስ ፕላስቲክ ሽታ። ከዚያ የመስታወት ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ ስልኮቹን በየመደዳቸው ይደረድራል፣ የመበየጃውን ብረት ይሰካና እስኪግልለት ድረስ ትናንት የተረከባቸውን ስልኮች ሆድ እየከፈተ ያያል። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ኖሯል።

ትይዩ ያለው ሱቅ የአስናቀ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፣ ጠረጴዛውም ነጭ ነው። የሚሸጠው አንድ ዓይነት ስልክ ብቻ ነው፤ ያን ውዱንና የያዘው ሁሉ ጀርባውን ለሰው እያሳየ የሚያወራበትን። ይማም ደግሞ የቀሩትን ኩባንያዎች፣ የብዙኃኑን ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ሁለቱ ኮሪደሩን መሐል አድርገው ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ።

«ያንተ ስልክ ወሬኛ ነው» ይላል አስናቀ። «ባለቤቱ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንዳወራ ለኩባንያው ሲያቀብል ይውላል። የኔ አፉን ይዘጋል።»

«ያንተማ አፉን የሚዘጋው በባለቤቱ ላይ ነው» ይላል ይማም። «ባትሪ ልቀይር ብትለው እንኳ አላውቅህም ይልሃል። ሰው በገዛ ዕቃው ላይ ባይተዋር ሆነ እኮ!»

ከንትርኩ መሐል፣ ከይማም ሱቅ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ አባባ ሰይድ ይቀመጣሉ። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ስልካቸው ሳይበላሽ ተበላሸ እያሉ ለጨዋታው ነው የሚመጡት። «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ስዞር አንዱንም ወደ ፀሐይ አንስቼ አላየሁም» ይላሉ። «እናንተ የማንኛው ሌባ እጅ ይረዝማል እያላችሁ ትከራከራላችሁ። በኛ ጊዜ ሌባ ከነስሙ ሌባ ነበር።»

ይማም ይስቃል። በዚህ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። እያንዳንዱን ደንበኛ «እስማማለሁ የሚለውን ከመንካትዎ በፊት ያንብቡ፤ ምን እንደሰጡ ሳያውቁ ቤትዎን አያስረክቡ» ብሎ ይመክራል። በእጁ ያለፉትን የሺህ ሰዎች ፎቶና መልእክት አንድም ቀን ከፍቶ አላየም። በዚህ ይኮራ ነበር።

ባለቤቱ ዘሀራ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በክረምትም የማጠናከሪያ ክፍል ስላላት እስከ ቀትር ታስተምራለች፣ ከሰዓት ብቻዋን ቤት ትውላለች። ስልኳ ወንድሟ ከጅዳ የላከላት ነው፤ ከአስናቀ ወገን። ሐምሌ ላይ ቻርጅ አልይዝ ሲላት መለዋወጫው ያለው አስናቀ ጋ ነውና ባሏን በእጇ ሰላም ብላ አልፋ ወደ ነጩ ሱቅ ገባች። ይማም በተከፈተ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ በሁለቱ ሱቆች መስታወት አሻግሮ አያት። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋለች። አስናቀ አንድ ነገር አላት፤ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። ምን እንዳላት ለይማም አልተሰማውም። መሳቋ ሳይሆን ይሄ አለመስማቱ እንደ ጋለ ብረት ጫፍ ውስጡን ነካው፣ እዚያም ተጣብቆ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላያቸው ነገሮች ይታዩት ጀመር። እራት ሲበሉ ስልኳን ደፍታ ታስቀምጣለች። መልእክት ሲመጣላት ፈገግ ትልና «ማነው?» ሲላት «የትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው» ትላለች። ጠዋት አስናቀ «ዘሀራ ደህና ናት?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ ደህና ናት ይላል፤ ስሟ በዚያ ሰው አፍ ውስጥ ሲዞር ግን ምላሱ ይመርረዋል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ አዲስ ስልክ አመጣላት፤ ከራሱ መደዳ ምርጡን። «ይሄ ይሻልሻል፤ ሲበላሽም እኔው እሠራልሻለሁ» አላት። ዘሀራ ደስ ብሏት ትከሻውን ሳመችው። «እኔን አስበህ ነው?» አለች።

ስልኩ ውስጥ «አብሮነት» የሚባል አፕ ቀድሞ ጭኖበት ነበር። ጠጋኞች እርስ በርስ ከሚለዋወጡት ፋይል ያገኘው ነው፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። የአንዱን ስልክ ጆሮ ለሌላው ያውሳል ይባላል። ሲጭነው ብዙ ጠየቀው፦ ድምፅህን፣ ፎቶህን፣ የጻፍከውን፣ ጽፈህ ያጠፋኸውን፣ የቤትህን አቅጣጫ፣ የእጅህን አሻራ። ጽሑፉ እያለቀ አያልቅም። ይማም በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፋ ሳያነብ አለፈውና በሁለቱም ስልኮች ላይ እስማማለሁ አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰማው እንኳንስ ሊያስቀና እንቅልፍ የሚያመጣ ነበር። አንዱን ኤርፎን በግራ ጆሮው ሰክቶ ሥራውን እየሠራ ቤቱን ያዳምጣል፤ ውሃ ከባልዲ ወደ ሳፋ ሲገለበጥ፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ዘሀራ ለሕፃናቱ የምታስተምረውን መዝሙር ግማሹን እየዘለለች ስታንጎራጉር። ያፍርና ያወጣዋል፤ ተመልሶ ይሰካዋል። በእሷ ብቸኝነት ውስጥ ተደብቆ መቀመጡ እንደ ሞቀ ጋቢ ደስ አለው።

አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማ። ከዚያ የዘሀራ ድምፅ፤ «ና እዚህ ጋ፤ እዚያ ይበርድሃል» አለች። የወንድ ሳል ተከተለ፤ አጭር፣ ደረቅ።

ይማም ቀና ብሎ ወደ ትይዩ አየ። የአስናቀ ሱቅ ተዘግቷል።

ባጃጅ አስቁሞ ቤቱ እስኪደርስ ምን እንዳሰበ አያስታውስም። በሩን በቁልፉ ከፍቶ ሲገባ ዘሀራ ብቻዋን ልብስ ታጥፋለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሁለቱም ገና ይጨሳሉ።

«ምነው ደግሞ ተመለስክ?» አለችው። «የረሳኸው ነገር አለ?»

«ማን ነበር እዚህ?»

«የት?» ዘሀራ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠችው። አልጋው ሥር፣ ጓዳው፣ ከቤቱ ኋላ ሁሉ ፈለገ። እርጥቡ መሬት ላይ ከራሱ ጫማ በቀር ዱካ የለም። ያው ዱካ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቷል።

በማግሥቱ አስናቀ ከሱቁ ንቅንቅ አላለም። ይማም አይኑን ሳይነቅል እያየው፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ያው ሳል በግራ ጆሮው ውስጥ መጣ። አስናቀ አይደለም ማለት ነው። ይሄ ሊያሳርፈው ሲገባ ይባስ አቃጠለው፤ አሁን ጠላቱ ፊት የለውም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ሰውዬው በዝግታ ነው የሚያወራው። ጫማው ስለጠፋበት ሕፃን ይጠይቃታል፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም ይጠይቃታል፤ እስክትመልስ ይጠብቃል። ዘሀራ ትስቃለች፤ ይማም ለመጨረሻ ጊዜ ከሁለት ዓመት በፊት የሰማውን፣ ከሆዷ የሚወጣውን ሳቅ። ከዚያ ሰውዬው «ዙዬ» አላት። በእጮኝነታቸው ጊዜ ይማም ብቻ የሚጠራት ስም ነበር፤ መቼ እንደተወው እንኳ አያውቅም።

የመበየጃው ብረት ጣቱን ሲለበልበው አልተሰማውም። ተነሥቶ ኮሪደሩን ተሻገረ፤ ነጩን ሱቅ ረግጦ አያውቅም ነበር። አስናቀ የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ ይለያል። ኤርፎኑን አውልቆ ሰጠውና «አንድ ደንበኛ ነው፣ ስሙ ጠፍቶብኝ ነው። ይሄ የማን ድምፅ ነው?» አለው።

አስናቀ ጆሮው ላይ አድርጎ ጥቂት አዳመጠ። መሣቅ ጀመረ።

«ትቀልዳለህ እንዴ? ያንተ ነዋ!»

«የኔ?»

«ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም። ያንተ ነው ስልህ። ሳሉም ሳይቀር።» ኤርፎኑን መለሰለትና በዝግታ ጨመረ፤ «እንዲህ ለስለስ ብለህ ስታወራ ግን ሰምቼህ አላውቅም።»

አባባ ሰይድ ከአግዳሚያቸው ይማምን ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ፊትህ አላማረኝም፤ የሰው ፖስታ ከፈትክ እንዴ?» አሉት። ይማም አልፏቸው ወደ ሱቁ ገባ።

አፑን አጠፋው። ማታ ቤት ገብቶ ከዘሀራም ስልክ ላይ አጠፋው፤ ምልክቱ ከእስክሪኑ ላይ ሄደ። እራት ቀርቦ እንደ ወትሮው ዝም ብለው በሉ። በመጨረሻ ዘሀራ ሳህኑን እያነሣች «እኔን የሚገርመኝ» አለች፣ «ከሰዓት እንዲያ ስትጫወት ቆይተህ ማታ ማታ ምን ይዘጋሃል? ስትመጣ ሌላ ሰው ነህ። ማን ነበር፣ የት ነበርሽ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የለህም።»

«ዘሀራ፣ እኔ ከሰዓት ቤት አልመጣም። ሱቅ ነው የምውለው።»

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ጉሙ በመስኮቱ ክፍተት ገብቶ ክፍሉ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ፊቱን በዝርዝር አየችው፤ አይኑን፣ አፉን፣ የተለበለበ ጣቱን፤ ልክ አንድ ነገር እንደምታመሳክር።

«እንዲህ አትበለኝ» አለች በቀስታ። «ታስፈራኛለህ።»

«ዙዬ…» አላት።

ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። «እሱን ተወው። ባንተ አያምርም።»

ይማም ሊፈራ ይገባው ነበር፤ ፈርቷልም። ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣው ግን ቅናት ነው። ማንም ይሁን ምን፣ ያ ነገር እሱ በእጁ እያለ የተወውን ሁሉ ከወደቀበት እያነሣ ይጠቀምበታል፤ ስሙን፣ ትዕግሥቱን፣ የሚስቱን ሳቅ። ሌሊቱን ሙሉ ዘሀራ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ ስልኳን ደረቷ ላይ አቅፋ።

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያጠፋው አፕ ሳይኖር፣ ኤርፎኑ በራሱ ማውራት ጀመረ። ይማም የሱቁን መዝጊያ እንኳ ሳይስብ ወጣ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል፤ ባጃጅ ሲጠራ አንዱም አልቆመለት፤ ሰዎች ሲያልፉ ትከሻው ይመታቸዋል ሲል ሳይነኩት ያልፋሉ። ሮጦ ደረሰ። ቁልፉ በሩ ውስጥ ገባና አልዞር አለ። አንኳኳ። የቆርቆሮው በር ጥጥ የለበሰ ያህል ዝም አለ።

«ማነው?» አለ የገዛ ድምፁ፣ መጀመሪያ በጆሮው ውስጥ፣ ከዚያ አንድ እስትንፋስ ያህል ዘግይቶ ከበሩ ጀርባ።

መጋረጃው ተገለጠና ዘሀራ በመስኮቱ ብቅ አለች። ይማም ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ «ዘሀራ! እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አይኗ በእሱ ላይ ሳያርፍ አልፎ ወደ ጉሙ ሄደ። ከጀርባዋ፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ አቀርቅሯል፤ አንገቱ ሥራ ላይ የተጎነበሰ የጠጋኝ አንገት ነው። ጭኑ ላይ የዘሀራ ስልክ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ከላዩ ቀጭን ጭስ ይነሣል። የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ በመስኮቱ ክፍተት ወጣ።

«ማንም የለም» አለች ዘሀራ መጋረጃውን እየመለሰች። «ጉሙ ነው። ጨረስከው?»

«ጨረስኩ። ከእንግዲህ የሚያዳምጠን የለም።»

ከዚያ እሷ፣ እንደሚፈራ ልጅ ድምፅዋን ቀንሳ፦

«ያ ማታ ማታ የሚመጣውስ?»

«እሱንም አጥፍቼዋለሁ» አለ የይማም ድምፅ በጆሮው ውስጥ፣ በርጋታ፤ ከበሩ ጀርባ ሲደገም ግን ደጁ ላይ ቆሞ የሚሰማው ሰው አልነበረም።